በግራ የሚዞረው ፓምፕ

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ጋሽ ቆይ በሚለው ስሙ ነው። እናታችን ያወጣችለትን ስም ከእኔና ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሚስቱም ብትሆን በዚያ ስም የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ ደግሞ በከንቱ አልወጣለትም። ሰው ገና «ጋሼ፣ መኪናዬ…» ብሎ አፉን ሲከፍት «ቆይ» ይለዋል። ሻይ ሲቀርብለት ቆይ፣ ፎቶ ሊያነሱት ሲዘጋጁ ቆይ። ሚስቱ ድሮ «እሺ፣ አገባሃለሁ» ባለችው ቀን እንኳ «ቆይ፣ በደንብ አስበሽበታል?» ብሎ መልሶላታል። እሷም ይህችን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የእኔ ሱቅና የሱ ጋራዥ አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራሉ። በዚያ በኩል መፍቻ ሲወድቅ በዚህ በኩል ስፌቴ ይጣመማል። ስለዚህ የወንድሜን ጉዳይ ሁሉ እንዴት አወቅሽ ብሎ በነገረኝነት የሚያማኝ ካለ፣ እኔን ትቶ ቆርቆሮውን ይውቀስ።

የወንድሜ ሥራ ያረጀ ሞተር አውርዶ፣ በትኖ፣ አድሶ መልሶ መግጠም ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈራት አንዲት ሰዓት አለች፤ የታደሰ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሳባት። ሞተሩ ሲገጠም ዘይት የሚሄድባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ደረቅ ናቸው። ዘይቱ ከታች ገንዳው ውስጥ ተኝቷል፣ ብረቶቹ ከላይ ተጠምተዋል። በዚህ ሁኔታ ቁልፍ ካዞሩት ዘይቱ እስኪደርስ ድረስ ብረት ብረትን ይበላል፤ የወራት ልፋት ዓይን እያየ ይጠፋል። ስለዚህ ከቁልፉ በፊት ዘይቱን መስደድ ያስፈልጋል። ወንድሜ የድሮ ካቻቢቴ ዘንግ ቆርጦ ትራፓኖ በሚሉት መሰርሰሪያ ላይ ይሰካና፣ እሳት አከፋፋዩ ዲስትሪቢዩተር በሚቀመጥበት ቀዳዳ አውርዶ፣ የዘይት ፓምፑን ጭንቅላት ይዞ ያዞረዋል። ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ ብቻ ይሠራል፤ ዘይቱም በየቀዳዳው እየሾለከ ወጥቶ አናት ላይ ብቅ ይላል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እያለ የሚተርተው ያን ጊዜ ነው።

ባለመኪኖች ግን ትዕግሥት የላቸውም። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ፣ እሳት የሚያቀብለውን ሽቦ ነቅሎ ቆቡ ውስጥ ይሸጉጣል፤ ቸኩሎ ቁልፉን ያዞረ ሁሉ ሞተሩን አንኮራኩሮ አፍሮ ይመለሳል። ከዚያ የባሰው ተንኮሉ ሌላ ነው። ባለመኪናውን የሞተሩ አናት ክዳን ወደተከፈተበት ይጠራና «ቀረብ ይበሉ፣ በዓይንዎ ይዩት» ይለዋል። ሰውየው አንገቱን አስግጎ ሲያይ ዘይቱ ድንገት ይደርስና ሸሚዙ ላይ ይረጫል። የሞተር ዘይት ደግሞ አይለቅም። ወንድሜ አዝኖ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ጎረቤቱ ጥሩ ልብስ ሰፊ መሆኗን ይነግረዋል። ስንት ደንበኛ በዚህ መንገድ እንዳገኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። አንድ ልጅ አለችው፤ እሷም መካኒክ ናት። ከሱ ጋር ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ሞተር ታወርዳለች፣ ትበትናለች፣ ትለካለች፣ ትገጥማለች። ቡሎን ስታጠብቅ ድምፁን በቆርቆሮው ሰምቼ ከአባቷ መለየት አልችልም። ግን ሥራው ሁሉ አልቆ ትራፓኖው የሚነሳበት ሰዓት ሲደርስ ወንድሜ ከተቀመጠበት ብድግ ይልና «ቆይ፣ እኔ ልያዘው» ይላል። ዘይቱን የሚሰደው እሱ፣ ቁልፉን የሚያዞረው እሱ። ሰውም ሞተሩ ሲነሳ «ጋሽ ቆይ ያደሰው» ብሎ ይዞ ይሄዳል። ልጅቷ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች። ያን እጅ መጥረጓን ስንት ጊዜ አይቼ አንጀቴ እንዳረረ!

ታዲያ ወንድሜን ጉልበቱ ከዳው። መኪና ሥር ከገባ የሚያወጣው ሰው መጥራት ጀመረ። ይህን ጊዜ የሚስቱ ወንድም፣ የመለዋወጫ ነጋዴው፣ አንድ ማታ እራት ላይ ጋራዡን ለዕቃ ማስቀመጫ አከራየኝ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ባዶ ቦታ ሲያይ መደርደሪያ የሚታየው ሰው ነው እንጂ። ልጅቷ አለች እኮ ሲባል «ጎበዝ ናት፣ ማን ካደ? ግን እስካሁን አንድ ሞተር ብቻዋን አስነስታ ታውቃለች?» አለ። ነገሩ እውነት ነበር። ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀምጣ አባቷን አየችው፤ አባቷ ሳህኑን አየ።

በዚያ የእራት ገበታ ላይ ነው ውሉ የታሰረው። ነጋዴው ሞተሯ የደከመ አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፤ ልጅቷ ብቻዋን ታድሳትና በሁላችን ፊት ታስነሳት፣ ከተነሳች ጋራዡ የሷ ይሁን፣ ካልተነሳች መጋዘን ይሁን ተባለ። በዚያውም ሞተሩ በነጻ ይታደስለታል፤ እሱ እንዲህ ያለውን አይስትም። ወንድሜ እሺ አለ። ይህን ጊዜ ሚስቱ እጇን አነሳችና አንድ ነገር ጨመረች። «አንተ ደግሞ እጅህን ወይ ምላስህን ካስገባህ፣ ፈተናው ቀርቶ ጋራዡ ያኔውኑ የሷ ነው» አለችው፤ እናታችን ባወጣችለት ስም ጠርታ። ወንድሜ ይህንንም እሺ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ከጋራዡ ተባሮ እኔ ሱቅ ተቀመጠ። ፈተናው የልጅቷ ነው የተባለው፤ የተፈተንኩት ግን እኔ ነኝ። ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ «አሁን ፒስተኑን አስገባች… ቀለበቱን ዘይት ቀብታዋለች ይሆን?» እያለ ይውላል። ሥራ ሲያጣ የስፌት መኪናዬን ዘይት ያጠጣል። ጠዋት ያጠጣታል፣ ከሰዓት ያጠጣታል፤ የአንዲትን ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ቢጫ አድርጋብኝ በስንት ልመና ቆርጬ አሳጠርኩት። መቀሴን ካልሳልኩ አለ። ስሎ ስሎ ወረቀት እንኳ እንዳይቆርጥ አደረገው። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ወደ ቤትህ ሂድ ብለው፣ እንባ ባቀረሩ ዓይኖች አየኝና «እዚያ ምንም አይሰማም» አለኝ። ተውኩት። ምን ላድርገው?

የፈተናው ዕለት ጠዋት፣ ቀጠሮ ያለበት የተማሪዎች ልብስ ስለነበረኝ ሰማዩ ሳይጠራ ሱቄን ልከፍት መጣሁ። ቁልፌን ሳወጣ በጋራዡ በኩል ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የትራፓኖ ድምፅ ነው። ልጅቷ ማልዳ ገብታለች ብዬ አሰብኩና የሱቄን በር ግርር አድርጌ ከፈትኩት። ድምፁ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ የጋራዡ በር በዝግታ ተከፈተና ወንድሜ ጃኬቱን በሌሊት ልብሱ ላይ ደርቦ እንደ ድመት ብቅ አለ። ሲያየኝ ክው አለ።

ምን ታደርጋለህ አልኩት። መነጽሩን ሊፈልግ እንደገባ ነገረኝ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር። አገኘኸው ወይ ስለው እጁን ወደ አፍንጫው ሰዶ «አዎ» አለና ሄደ። ፊቱ ግን የተንኮለኛ ፊት አልነበረም። ነጭ ሆኗል። ለልጅቷ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ስብሰለሰል ቆየሁ፤ በመጨረሻ ዝም ማለትን መረጥኩ። በኋላ እንደገባኝ፣ የምነግራት አዲስ ነገርም አልነበረኝም።

ሰዓቱ ሲደርስ ሁላችንም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰብን። የወንድሜ ሚስት ወንበር አስመጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ነጋዴው ክሬም ቀለም ያለው ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፤ እኔ በሙያዬ ጨርቁን አይቼ አዘንኩለት። ወንድሜ ጥግ ላይ ከብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ ቆመ። ልጅቷ ቱታዋን አጥባ፣ ፀጉሯን አስራ፣ የሞተሩን አናት ክዳን ከፍታ አዘጋጅታ ነበር። ዘይቱ ሙሉ መሆኑን ለአጎቷ አሳየችው። ይህ ሞተር ከብዙዎቹ በተለየ ፓምፑ በግራ የሚዞር መሆኑን ነገረችው፤ ትራፓኖው ላይ ያለችውንም ትንሽ ማዞሪያ ወደ ግራ ገፋችና ዘንጉን ወደ ቀዳዳው አወረደች።

ትራፓኖው ጮኸ። ሁላችንም የተከፈተውን የሞተር አናት አየን። ምንም የለም። አቆመች፣ ጠበቀች፣ እንደገና አዞረች። ደረቅ ነው። ፓምፑ ዘይት ሲይዝ ትራፓኖው ይከብደዋል፣ ድምፁም ይወፍራል፤ ይሄኛው ግን አየር እንደሚቀዝፍ ሁሉ ቀጭን ድምፅ ነው የሚያወጣው። የስፌት ሴት ሆኜ እኔ እንኳ ገባኝ።

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ወጣት ሳለ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም፣ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነበር አለና ወደ መሪው ሄዶ ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ የባትሪውን ሽቦ ከቱታዋ አንገት ላይ አውጥታ አሳየችውና መልሳ አስገባችው። እሱም ሳቀ፣ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኑ ግድግዳውን መለካት ጀመረ። የት ጋ መደርደሪያ እንደሚያቆም በደንብ ያስታውቅበት ነበር።

እኔ የማየው ወንድሜን ነበር። ምራቁን ይውጣል፣ ይቆማል፣ ይቀመጣል፣ የሞርሳውን እጀታ ያዞርና ይመልሳል። ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ። ልጅቷ ዞር ሳትል፣ ሳልም ምላስ ነው አለችው። እናቷ ሳቀች። እሷ አልሳቀችም። ትራፓኖውን አስቀምጣ በጨርቅ እጇን ትጠርግ ጀመር፤ አንድ ጣት ከጠረገች በኋላ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ መላ የጠፋው ሰው ነበር የምትመስለው። ነጋዴው በለስላሳ ድምፅ፣ የሚያሳፍር ነገር የለም፣ ሞተር እንዲህ ነው፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም ማለት ጀመረ። ደግ ለመሆን ነው የሞከረው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት በመቀሴ ባገኘው ደስ ባለኝ፤ መቀሴ ባይደንዝ።

«ጥፋቱ የሷ አይደለም» አለ ወንድሜ።

ሁላችንም ዞር አልን። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ጠዋት ገብቼ ነበር። እሷ ሳትመጣ ዘይቱን ልሰድላት ብዬ። እጄ ለምዶት በቀኝ አዞርኩት፤ ፓምፑ ውስጥ ያጠራቀመችውን ዘይት መልሼ ወደ ገንዳው አወረድኩት። እኔ ነኝ ያደረቅኩባት። እሷ የሠራችው አንድም ነገር አልተበላሸም።»

በጋብቻውም፣ በልጅ ማሳደጉም፣ በሥራውም ጊዜ ሁሉ ወንድሜ ተሳሳትኩ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሲሳሳት «ቆይ፣ ልይ» ነበር የሚለው። ዛሬ ያችን መሸሸጊያውን እንኳ አልያዘም። ጋራዡ በዚህ ቃል ከእጁ እንደሚወጣ ያውቃል፤ ሚስቱ የጨመረችውን ሁላችንም ሰምተናል። በአንድ ጊዜ ልጮህበትም ልስመውም ፈለግሁ።

«በቃ፣ አለቀ» አለች ሚስቱ። «እጁን አስገብቷል። ጋራዡ የልጅቱ ነው።»

ነጋዴው ይህ ማጭበርበር ነው፣ ሞተሩ እኮ ገና አልተነሳም ብሎ ተከራከረ። ልጅቷ ግን እናቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት አጎቴ እውነቱን ነው አለች። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ፍጥነት የመላ ቢስ ሰው ፍጥነት አልለውም። ከሞተሩ ጎን አንዲት ትንሽ ቡሎን ፈታች፤ የዘይት ማጠጫውን አፍ በቀዳዳው ከታ ፓምፑን ከላይ አጠጣችው፤ ቡሎኑን መለሰች። ማዞሪያዋ በግራ መሆኗን አየች። ትራፓኖውን አስነሳች። ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ሄደና ወፈረ፣ ክንዷ ተጠመዘዘ፣ በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«አጎቴ፣ ቀረብ በልና በዓይንህ እየው» አለችው።

ላስጠነቅቀው እችል ነበር። ግን ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ሰው እኮ በየቀኑ አይገኝም። ነጋዴው አንገቱን አስግጎ ገባ፤ ዘይቱ መጀመሪያ በአንደኛው በኩል ፈልቆ፣ ቀጥሎ በሁሉም ቀዳዳ ደረሰና አንዷ ፍንጣቂ ከአንገትጌው እስከ ሁለተኛው ቁልፉ ድረስ አንድ መስመር አሰመረችበት። እሱ ወደ ታች ደረቱን አየ፣ ወደ ላይ እኔን አየ። ሌላ ልሰፋለት እንደምችል ራሴን ነቅንቄ ነገርኩት።

ክዳኑን ገጠመች፣ ሁሉንም ቦታ ቦታው መለሰች፣ ሽቦውን ከአንገቷ አውጥታ አሰረች፣ ገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። የዘይት መለኪያው መርፌ ብድግ ብሎ ቆመ። ወንድሜ እጁን ክዳኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ የሚያርመው ነገር እየፈለገ ነበር። ፈልጎ ፈልጎ አጣ። ነጋዴው ጨርቁን እርግፍ አድርጎ ረስቶ ፒክአፗን ይዞራት ጀመር፤ እንዲህ ስትል ሰምቷት አያውቅም ነበርና። በመደርደሪያውም ጉዳይ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ልጅቷን ብቻዋን አገኘኋት። ትራፓኖው በቀኝ እንዴት ሊገኝ ቻለ፣ አንቺ እኮ በግራ ነው የምትሠሪበት አልኳት። አየችኝ። የወንድሜን ዓይን ነው ያየሁት፤ በልጅነቱ ጫማዬን ደብቆ አብሮኝ ሲፈልግ የነበረውን።

«ማዞሪያዋን ወደ ቀኝ አድርጌ ተውኩለት» አለችኝ። «እንደሚገባ አውቄያለሁ፤ አያስችለውም። ገብቶ ቢያስተካክልልኝ ኖሮ ይህም ሞተር የሱ ይሆን ነበር፣ አክስቴ። ዕድሜ ልኬን፣ ጠዋት ገብቼ ባልሰድላት ኖሮ እያለ ያወራው ነበር። ስለዚህ እንዲያበላሽልኝ ፈለግሁ። ማስተካከሉ አይከብደኝም።»

እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ማለት ይኸው ነው። ግን ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። እጇን ስትጠርግ የቆየችው መላ ጠፍቷት ሳይሆን አባቷን ስትጠብቅ እንደነበር ነገረችኝ። ጠርጋ ጨርሳ እንደገና ከአውራ ጣቷ ጀምራ ነበር። «ዝም ብሎ ቢያየኝስ ብዬ ፈራሁ» አለችና አንገቷን ደፋች። እኔም አቀፍኳት፤ ቀሚሴም እንደ ሌላው ልብስ ሁሉ ዘይት ሆነ።

ወንድሜ የማዞሪያዋን ነገር ማታውኑ ራሱ ደረሰበት። እየሳቀ መጥቶ፣ ይህችን ልጅ ተንኮል ያስተማራት ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሱቄ ውስጥ ልብስ የሚለኩበት ትልቅ መስታወት አለ፤ እዚያ ሂድና ጠይቀው አልኩት። ሄዶ ትንሽ ቆመ። ከዚያ የጋራዡን ቁልፎች ከቀለበታቸው ጋር ከወገቡ ፈታና ሊሰጣት ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ በሰዓቱ መጣ። የታጠበ ቱታ ለብሷል። የጋራዡ በር ዝግ ነበር፤ ከውስጥ ሥራ ተጀምሯል። ያን በር ስንት ዓመት ገፍቶት ሲገባ የኖረ ሰው ቆሞ አየው፣ እኔንም አየኝ፣ መግባት አለብኝ ወይስ ማንኳኳት ብሎ ጠየቀኝ። ትከሻዬን ሰበቅኩለት። አንኳኳ።

ልጅቷ ከፈተችለት። እኔ ወደ ሱቄ ገብቼ ቆርቆሮው ላይ ባለችው የምስማር ቀዳዳ ዓይኔን ሰደድኩ።

«ዛሬ ምን ልሥራ?» አላት።

ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን ገንዳ አሳየችው፤ አዲስ ከመጣ ሞተር የተፈቱ ቡሎኖች በናፍታ ተዘፍዝፈውበታል። አጭሯን ወንበር ሳበ፣ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ፣ ብሩሹን አነሳ። እያንዳንዷን ቡሎን ፈትጎ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አይቶ፣ ጨርቅ ላይ ያስቀምጣል። አልፎ አልፎ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል። ናፍታው ነው ብሎ አጉረመረመ፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሲጨርስ ጨርቁን ወደሷ ገፋ አደረገው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በዓይኗ ቆጠረችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«አባዬ» አለችው ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «ኪስህ የሸጎጥካትንም ቡሎን እጠባት።»

አውጥቶ አጠባት።